ባዶ የተመለሰው ሳህን

የዚያን ዕለት ጠዋት ጥጥ እየነደፍኩ ነበር። ፍልሰታና ረመዳን አንድ ላይ የገቡበት ክረምት ነው። ዓመተ ምህረቱን አትጠይቁኝ፣ እኔ ዓመት የምቆጥረው በጾምና በዝናብ ነው። ደርግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፣ ቀበሌ ተቋቁሟል፣ ስኳር በካርድ ነው። ይኼ ይበቃል።

የልጅ ልጄ "የማትረሺውን ነገር ንገሪኝና ልጻፍልሽ" ስትለኝ ብዙ ነገር አሰብኩ። በዚያ ጊዜ የሞተም አለ፣ የታሰረም አለ። እኔን ቶሎ ቶሎ ትዝ የሚለኝ ግን አንድ አረንጓዴ ሳህን ነው።

ቤቴ ከቁስቋም ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። ፈትል እፈትላለሁ፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ይወስዱታል። ባሌ ካረፈ በኋላ ልጆቼን ያሳደግኩት በእንዝርት ነው። ክረምት ላይ ጥጥ እርጥበት ይጠጣል። ደጋኑ ሲመታው አይፈካም፣ ይተኛል። ስለዚህ ከምድጃው ራቅ አድርጌ አሰጣውና ሞቅ ሲለው እነድፈዋለሁ። ያን ቅዳሜ ጠዋት እንደዚያ እያደረግኩ ዓይኔ ጥጡ ላይ አልነበረም። መደቡ ላይ የተቀመጠው ሳህን ላይ ነበር። የምስር ሳምቡሳ ሞልቶታል። የመጣው አርብ ማምሻውን ነው፣ አንዱም አልተነካም።

ለምን እንዳልተነካ ልንገራችሁ። እኔ የቀበሌያችን ቁጥጥር ኮሚቴ አባል ነበርኩ።

ፊደል ሳላውቅ እንዴት ገባሁ ብትሉ፣ በስብሰባው ላይ "ሴት ያስፈልጋል፣ ጭቁን ያስፈልጋል" ተባለ። እኔ ሁለቱንም ነበርኩ። እጅ ወጣ፣ ተጨበጨበ፣ ገባሁ። አልፈልግም የሚባልበት ጊዜ አልነበረም።

ሥራው ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አምስት ነን። ማክሰኞና አርብ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጥግ ያለች ክፍል ውስጥ እንሰበሰባለን። ቦኖ ከፋቹ ሰዓቱን ይጠብቃል ወይ፣ የቀበሌው ሱቅ ሚዛን ትክክል ነው ወይ፣ እገሌ የሚባለው ሹም ዘመዱን ከሰልፍ አስቀድሞ አስገብቷል ወይ፣ ማኅተም ያዢዋ ሰው ታመላልሳለች ወይ፣ ይኼንን ነው የምናየው። ሰው አቤት ይላል፣ እንሰማለን፣ ሄደን እናያለን፣ ይጻፋል። መጨረሻ ላይ ቃለ ጉባኤው ይነበባል። እነሱ ይፈርማሉ፣ እኔ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክቼ እጫናለሁ። አርብ አርብ ጣቴ ሰማያዊ ሆኖ ነው ቤቴ የምገባው። በአመድ ካልፈተግሁት ፈትል አልነካበትም።

አብዛኛው ቀን የሚያሰለች ነው። አንድ ጊዜ ስለ አንድ መጥረጊያ ሙሉ ከሰዓት ተከራክረናል።

ሊቀመንበሩ አስተማሪ ነው። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፣ ቀጭን፣ መነጽር የሚያደርግ፣ ለብቻው የሚኖር ሰው። ከማንም ቤት ውሃ እንኳ አይጠጣም። "ጓድ በለጡ" ሲለኝ ሳቄ ይመጣ ነበር። ሕጉን ያመጣው እሱ ነው። ጉዳዩ እየታየ ካለ ሰው የኮሚቴ አባል ምንም አይቀበልም፣ ለዚያም ሰው ምንም አይሰጥም፣ ውሳኔው ለሕዝብ እስኪነበብ ቃል ከክፍሉ አይወጣም። ይኼን በሕዝብ ስብሰባ ላይም አስነግሮታል፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ማንበብ ስለማልችል እንደ ጸሎት በቃሌ አስያዘኝ። "አልቀበልም፣ አልሰጥም፣ አላወራም።"

እንግዲህ የቀበሌው ሱቅ ሻጭ ሰይድ ይባላል። ወሎዬ ነው። ቤቱ ከሱቁ ጎን ነው፣ መንገዱን ተሻግሮ ከእኔ ቤት ፊት ለፊት። ሚስቱ ዘይነባ ናት። ከዘይነባ ጋር ሳህን መለዋወጥ ከጀመርን አሥራ አራት ዓመት አልፎን ነበር። ሥጋ አንላላክም፣ እሷም የእኔን አትበላ፣ እኔም የእሷን አልበላ። ሌላውን ግን ሁሉ እንላላካለን። እኔ ጾም ላይ መሆኔን ከቄሶቹ እኩል ታውቃለች። ቅቤ የነካው ነገር በስህተት እንኳ ልካ አታውቅም።

ሳህን ደግሞ ባዶ አይመለስም። ይኼን የዛሬ ልጆች ላታውቁት ትችላላችሁ። ጎረቤት የላከችልሽን ሳህን አጥበሽ፣ አንድ ነገር ጣል አድርገሽበት ነው የምትመልሺው። ቆሎ ይሁን፣ ዱባ ይሁን፣ ምንም ከሌለሽ አንድ ጭብጥ ጨው። ባዶውን የመለሰች ሴት በቃን ማለቷ ነው። መሳደብ አያስፈልጋትም፣ ሳህኑ ተናግሮላታል።

በዚያ ሳምንት በሰይድ ላይ ክስ መጣ። ሊመሻሽ ሲል በሱቁ የኋላ በር ግማሽ ጆንያ ስኳር ተሸክሞ ሲወጣ ታይቷል ተባለ። ያን ጊዜ ይኼ ቀልድ አይደለም። አሻጥር ይባላል። ሰው ቀበሌ ሲጠራ ጋቢውን ይዞ ነው የሚሄደው፣ ማደሩን ስለማያውቅ። ሰይድም ማክሰኞ ጋቢውን ይዞ መጣ። "ጣሪያው አፍስሶ የታችኛው ስኳር ረጠበብኝ። እንዳይበላሽ ወደ አዳራሹ ዕቃ ቤት አሻገርኩት" አለ። ዕቃ ቤቱን የከፈተለት ዘበኛ ዘመድ ጥየቃ ወጥቶ ስለነበረ አልተገኘም። ሰይድን "ሂድና ጠብቅ" አሉት።

አርብ ዘበኛው መጣ። ሰው የሚጠየቀው ለየብቻው ስለሆነ ምን እንዳለ ሰይድ አልሰማም። ዘበኛው "አዎ፣ እኔ ነኝ የከፈትኩለት" አለ። ሄደን አየን። ስኳሩ ሸራ ላይ ተሰጥቶ ድንጋይ ሆኗል። ሚዛን ላይ ወጣ፣ ሱቅ ካለው ጋር ተደመረ፣ ምንም አልጎደለም። "ሰይድ ጥፋት የለበትም" ተብሎ ተጻፈ። ጣቴን አተምኩ። ለሕዝብ የሚነበበው ማክሰኞ ነው።

ስንወጣ ሊቀመንበሩ ወደኔ ዞረ። "ጓድ በለጡ፣ እርስዎ ጎረቤቱ ነዎት" አለኝ።

"አላወራም" አልኩት።

ቤቴ ስደርስ ሳህኑ ቀድሞኝ ደርሷል። ዘይነባ በረመዳን አርብ አርብ እንደምታደርገው ለማፍጠሪያ ከሠራችው ቀንሳ አምጥታ፣ ትልቋ ልጄ ተቀብላታለች። ልጄ ምን ታውቃለች? እኔ ግን እንዳይነኩት አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ታዲያ ደጋኑን እየመታሁ ሳምቡሳውን አስባለሁ። ብበላው ተቀበልኩ። ከነሳምቡሳው ብመልሰው ስድብ ነው፣ ፊቷ ላይ እንደመትፋት። ለልጆቼ ብሰጥ ያው ቤቴ ገባ። በመጨረሻ ለፍልሰታ ወደ ቁስቋም ለሚወጡት የኔ ቢጤዎች አወጣሁት። ልጆቼ ሳምቡሳውን በዓይናቸው ሸኙት።

ሳህኑን አጠብኩ። የሽምብራ ቆሎ የማስቀምጥባትን ጣሳ ከፍቼ እጄን ከተትኩ። ዘግኜ ላወጣ ስል "አልሰጥም" የሚለው ትዝ አለኝ። እጄን ባዶውን አወጣሁት።

መንገዱን ተሻገርኩ። ዘይነባ በሩን ከፈተች። ሳህኑን በጨርቅ ሸፍኜው ነበር። ተቀብላ ጨርቁን ገለጥ አደረገችው።

"ደህና ነሽ በለጡ?" አለችኝ።

"ደህና ነኝ።"

"ልጆቹስ?"

"ደህና ናቸው።"

እንደገና ሳህኑን አየችው። ጥጉ ላይ የቀረ ነገር እንዳለ ሁሉ አዘነበለችው። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ቀና ብል ፊቴ ይነግራታል ብዬ ነው።

"እሺ" አለች። በሩን ዘጋችው።

እኔ ሕጉን ጠበቅኩ ብዬ ወደ ጥጤ ተመለስኩ።

ወደ ስድስት ሰዓት ሲሆን ከደጅ ጫጫታ ሰማሁ። የስኳር ሰልፍ ነው። ሰዉ ላስቲክ ተከናንቦ ዝናብ ላይ ቆሟል፣ ሱቁ ዝግ ነው። ፊት የቆመችው እትዬ ሸዋዬ ናት፣ የታችኛው ግቢ ጎረቤታችን። ምላሷን ሁሉም ይፈራል።

"ኮሚቴ" አለችኝ፣ "ሰይድን ምን አደረጋችሁት?"

"ምንም አላደረግነውም።"

"እናንተ ምንም ያላደረጋችሁትን ሰው እኮ እናውቀዋለን። እስካሁን አልመጣም።"

ሰዉ ሳቀ፣ ቶሎም ዝም አለ። "ጠዋት ጋቢና ፌስታል ይዞ ወደ ታች ሲወርድ አይቼዋለሁ" አለ አንዱ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ዘይነባ ሳህኑን ለባሏ አሳይታዋለች። አሥራ አራት ዓመት ባዶ መልሳ የማታውቅ ሴት፣ አርብ ከኮሚቴ ወጥታ ቅዳሜ ባዶ መለሰች። አንገቷን ደፍታ፣ ዓይኗን ሰብራ። ሌላ ምን ይበሉ? ተፈርዶብናል አሉ።

ማክሰኞ ስሙ ሲጠራ ባይገኝ የሚሆነውን አውቀዋለሁ። ሊቀመንበራችን የሚላት ነገር ነበረችው። "የሸሸ ሰው ጥፋቱን በእግሩ ፈረመ" ይላል። የተጻፈው ወረቀት ይቀደዳል፣ ሌላ ይጻፋል። ሰይድ በየኬላው ይፈለጋል። ከተያዘ ወዲያ ደግሞ ስለ ረጠበ ስኳር የሚሰማው የለም። ይኼ ሁሉ በእኔ ሳህን።

ሄጄ አንኳኳሁ። ዘይነባ ከፍታ በሩ ላይ ቆመች። ግቢ አላለችኝም።

"ሰይድ የት ሄደ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

"ዘይነባ፣ መልሺው።"

"ማን ነው የሚለው? በለጡ ናት ወይስ ኮሚቴዋ?"

ዞር ብዬ ሰልፉን አየሁ። ከዚያ ተናገርኩት። "ነጻ ነው። ትናንት አልቋል። ዘበኛው መስክሯል፣ ስኳሩም ሞልቷል። ማክሰኞ ይነበባል።"

አየችኝ። "ታዲያ ሳህኑስ?"

"ሳህኑ ሕግ ነው። አትቀበዪ፣ አትስጪ ተብያለሁ።"

"ሕግ ሳህን ውስጥ ምን አስገባው?"

"እኔ አላውቅም ዘይነባ። ብቻ ነጻ ነው።"

"ይኼን ከራስሽ ነው የምትዪው ወይስ በይ ብለውሽ ነው? እኔ መልሼ ባመጣውና በሩ ላይ ቢጠብቁት፣ ለእነዚህ ልጆች ምን እላቸዋለሁ?"

እውነቷን ነው። እኔም ብሆን አላምንም። በማርያም ልምልላት አሰብኩ። ግን ያን ጊዜ የማይማል ነገር አልነበረም፣ ሰው በየስብሰባው ሲምል ነበር የሚውለው።

"ሳህኑን ስጪኝ" አልኳት።

"ምን ልታደርጊበት?"

"ስጪኝ ብቻ።"

ሰጠችኝ። ቤቴ ገብቼ የሽምብራውን ቆሎ ከነጣሳው ገለበጥኩበት። አፉ ድረስ ሞላ። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት አናቱ ላይ አስቀመጥኩ። ጨርቁን ተውኩት። ሳልሸፍነው፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ በሰልፉ መሃል ሰንጥቄ አለፍኩ። በጀርባ ማለፊያ ነበረ፣ ሆን ብዬ ነው።

"በለጡ፣ ምን ይዘሽ ነው?" አለች ሸዋዬ።

"ቆሎ።"

"ለማን?"

"ለዘይነባ። ሳህኗን ልመልስላት ነው።"

ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል አልኳችሁ። ሸዋዬ ዞር አለችልኝ እንዳልፍ፣ ሌላ ነገር አልተናገረችም። እሷ ዝም ስትል ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዘይነባ በሯ ላይ እንደቆመች ሁሉንም አይታለች። ሳህኑን አስያዝኳት።

"ሰዉ ሁሉ አየኝ" አልኳት። "ማክሰኞ እኔም እከሰሳለሁ። ላሳስርብሽ ብመጣ ራሴን አሳስር ነበር?"

ቆሎውን አየች፣ ሰልፉን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ሳህኑን ውስጥ አስገብታ ሻሿን ማሰር ጀመረች። "መርካቶ አጎቱ ጋ ነው" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ነገ ሲነጋ የደሴ መኪና ላይ ሊሳፈር ነበር። ልጆቹን እያቸው።" ጾሟን፣ በዚያ ዝናብ፣ ቁልቁል ወረደች።

እሑድ ተመለሰ። ሰኞ ሱቁን ከፈተ። ሸዋዬ "የት ከርመህ ነው?" ስትለው "አሞኝ ነበር" አላት። "በሽታው ቀበሌ ቀበሌ ይሸታል" አለችው። ስኳሯን መዝኖ ሰጣት።

ማክሰኞ አዳራሹ ሞላ። የሰይድ ውሳኔ ተነበበ፣ ተጨበጨበ። ሰይድ ጋቢውን ጭኑ ላይ እንዳጠፈው ነበር የተቀመጠው። ሕዝቡ ሲወጣ ሊቀመንበሩ እኛን አስቀረን። "ሁለተኛ አጀንዳ አለን። ጥቆማ ደርሶናል" አለ። ማን እንደጠቆመ አልጠየቅኩም። ሰልፍ ሙሉ ሰው አይቶኛል።

"ጓድ በለጡ፣ ጉዳዩ ላልተነበበ ሰው ቤት ዕቃ ሰጥተዋል?"

"ሰጥቻለሁ።"

"ውሳኔውንስ ተናግረዋል?"

"ተናግሬያለሁ።"

"ሕጉን አያውቁትም?"

"አውቀዋለሁ። አልቀበልም፣ አልሰጥም፣ አላወራም።"

አንዱ አባል ሳቁን በሳል ሸፈነው። እኔ ከሳምቡሳው ጀምሬ ነገርኳቸው። ለየኔ ቢጤ ማውጣቴን፣ ባዶውን መመለሴን፣ ሰውየው ደሴ ሊሄድ መነሳቱን። ሊቀመንበሩ ሳህን ባዶ አይመለስም የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። እንደማያውቀው ያስታውቃል። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

"ሳህኑ ውስጥ የነበረው ምንድን ነው?"

"የሽምብራ ቆሎ። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት።"

"ይጻፍ" አለ።

ጸሐፊው "ነጭ ሽንኩርቱም?" አለው።

"ነጭ ሽንኩርቱም።"

ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ተነበበልኝ፣ ሰማሁ፣ ጣቴን ቀለም አስነክቼ ተጫንኩ። በዚያ ክረምት ኮሚቴያችን የቀጣው እኔን ብቻ ነው። ከዚያም ሁለት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ።

አሁን ሳስበው በሊቀመንበሩ አልቀየምም። ከሰው እጅ ምንም ሳይበላ የሞተ ሰው ነው። ሕጉም ክፉ አልነበረም። በሌላ ቀበሌ ኮሚቴ ሆነው ስኳሩን በጓሮ የሚያስገቡ ሞልተው ነበር። ሕጉን ያወጣው ሰው ግን ቤቱ ሳህን መጥቶለት አያውቅም፣ ከየት ይወቅ? እኔ አውቅ ነበር። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ምንም አይቆረቁረኝም። የሚቆረቁረኝ ያን ጠዋት እጄን ከቆሎው ጣሳ ባዶውን ማውጣቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ ረመዳኑ እስኪያልቅ ከዘይነባ ቤት ሳህን አልመጣም። አርብ አለፈ፣ ሌላም አርብ አለፈ። ተቀይማለች አልኩ፣ አልፈርድባትም። የኢድ ዕለት ጠዋት በሬን አንኳኳች። አዲስ ሻሽ አድርጋለች፣ እጇ ባዶ ነው።

"ሳህኑ እቤት ተቀምጧል" አለችኝ። "ከኮሚቴ እስክትወጪ ድረስ አልልከውም። ተነሽ፣ ልጆቹን ይዘሽ ነይ፣ ጾምሽም ተፈቷል፣ ዳቦና እርጎ አለ። አንቺ ራስሽ ነይና ባዶሽን ትመለሺ እንደሆነ አያለሁ።"